ለትምህርት ቤታችን በኦንላይን ስናዋጣ፦ ጎፈንድሚ፣ ወገን ፈንድ፣ ቴሌብር ወይስ የባንክ ሂሳብ?

ወሎ ተምሮ የወጣ ሰው ስልክ ውስጥ የቀድሞ ተማሪዎች ግሩፕ አይጠፋም። የደሴ ልጆች፣ የወልዲያ ልጆች፣ የሐይቅ፣ የአቀስታ፣ የወረኢሉ። ሰላምታውና የድሮ ፎቶው ለወራት ይቀጥላል። አንድ ቀን ግን አንዱ "ትምህርት ቤታችን እኮ እንዲህ ሆኗል" ብሎ ፎቶ ይልካል። ቆርቆሮው የተገነጠለ ክፍል ነው። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። ወዲያው "እናዋጣ" ይባላል።

ክርክሩም እዚያው ይጀመራል። አሜሪካ ያለው፣ ጎፈንድሚ የሚባለውን የኦንላይን መዋጮ ገጽ እንክፈት ይላል። አዲስ አበባ ያለው ቴሌብር ይበቃል ይላል። ሌላው ደግሞ "ለጊዜው የእኔን የንግድ ባንክ ቁጥር ተጠቀሙ" ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ግሩፑ ጸጥ ይላል። ስንት ጥሩ ሐሳብ እዚህች ጋ እንደቀረ ሳስብ ያናድደኛል።

በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ተዘርፈዋል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ዳስ ውስጥ የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ወረዳው ለትምህርት ከሚይዘው በጀት አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል። ለጠመኔ፣ ለዴስክና ለጥገና የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ የእናንተ መዋጮ በአግባቡ ከተያዘ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ከመሬት ያነሣል።

የቱን መንገድ እንምረጥ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ከመተግበሪያው አይጀምርም። መጀመሪያ የሚወሰነው ገንዘቡ በማን እጅ ገብቶ በማን እጅ እንደሚወጣ ነው። ይህ ከተወሰነ ጎፈንድሚ ይሁን ቴሌብር የሚለው ለጋሾቹ የት እንዳሉ በማየት ብቻ ይመለሳል።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

አራት ምርጫ አለ። የአንድ ሰው ሂሳብ፣ የትምህርት ቤቱ ሂሳብ፣ የኮሚቴ ዝግ ሂሳብ (ለአንድ ሥራ ብቻ የሚውል)፣ ወይም በሕግ የተመዘገበ ማኅበር ሂሳብ።

የአንድ ሰው ሂሳብ ፈጣን ነው። ዛሬ ማታ ቁጥሩ ተልኮ ነገ ጠዋት ገንዘብ ይገባል። እኔ ግን ሰውየው ምንም ያህል የታመነ ቢሆን አልመክርም። ሰው ይታመማል፣ ይሞታል። ያኔ የልጆቹ የዴስክ ገንዘብ የውርስ ጉዳይ ይሆናል። በሕይወት ቢኖርም ደመወዙና መዋጮው በአንድ ሂሳብ ሲደባለቁ የቱ የማን እንደሆነ ራሱም ይጠፋበታል። አንድ ክፉ ሰው "በላው" ካለ ደግሞ የሚያስተባብልበት ወረቀት የለውም። መልካም ሰው ለዚህ ዓይነት ሐሜት ማጋለጥ ግፍ ነው።

የትምህርት ቤቱ ሂሳብ ሕጋዊ ነው፣ ኦዲት ይደረጋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ገንዘቡ እዚያ ከገባ በኋላ የመንግሥት ገንዘብ ነው። የሚወጣው በመንግሥት የግዥ ደንብ ነው። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይወስናል፣ ፈራሚ ይጠበቃል። ርዕሰ መምህሩ ከተቀየረ ፊርማ እስኪለወጥ ይቆያል። ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለትንንሽ ጥገና ይህ መንገድ ጥሩ ነው። ዳይሬክተሩ ጠንካራ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱም ንቁ ከሆነ ለትልቅ ሥራም ያገለግላል። ኅብረቱ በስም ብቻ ካለ ግን ገንዘባችሁ ዓመቱን ሙሉ ባንክ ውስጥ ተኝቶ ሊከርም ይችላል። የዴስክ ዋጋ እየጨመረ፣ የብሩ አቅም እየቀነሰ።

የኮሚቴ ዝግ ሂሳብ ለብዙዎቻችን የሚስማማው ይመስለኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የበጎ አድራጎት ኮሚቴ የሚባል አደረጃጀት ያውቃል። ለበጎ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የተሰባሰቡ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ማለት ነው። ኮሚቴው ፈቃድ ይጠይቃል፣ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚውል ሂሳብ ይከፍታል። ወሎ ላይ ይህን ለማስረዳት ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ቅሬ (እድር) ያለው ሰው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለምን እንደሚለያዩ ያውቃል። ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ሁለቱ ሳይፈርሙ ገንዘብ አይውጣ። ከሦስቱ አንዱ እዚያው ሰፈር የሚኖር ወላጅ ይሁን። ገንዘቡ የወጣበትን ዕቃ በዓይኑ የሚያየው እሱ ነውና።

የተመዘገበ ማኅበር ትልቅ ነገር ለሚያስቡ ነው። አራት ክፍል ያለው ብሎክ ልንገነባ ነው፣ በየዓመቱ ልንቀጥል ነው ካላችሁ መመዝገብ ይሻላል። ምዝገባው፣ ዓመታዊ ሪፖርቱና ኦዲቱ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ለሃያ ዴስክ ማኅበር ማቋቋም ግን አድካሚ ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያሉት ብዙ ከሆኑ

እዚህ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ጎፈንድሚ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ስለሆነ ሰው ያውቀዋል፣ ካርዱን ለማስገባት አይፈራም። ፈረንጅ የሥራ ባልደረባም ሊንኩን ሲያይ ይሰጣል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ከሐበሻው ግሩፕ ውጭ ያለ ሰው ይደርስላችኋል።

ግን ጎፈንድሚ ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አያስገባም። ኢትዮጵያ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ገጹን የሚከፍተውና ገንዘቡን የሚረከበው አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ ጀርመን ወይም ሌላ የሚፈቀድ አገር የሚኖር ሰው ነው። ከእሱ ባንክ ወደ ወሎ የሚያደርሰውም እሱ ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ። ከፋቹ ማነው፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ምን ያገናኘዋል፣ ገንዘቡ በምን መንገድ ለማን ይደርሳል። ይህን መግለጽ የጎፈንድሚም መመሪያ ነው። ያላሟላ ገጽ ገንዘቡ ሊያዝበት ይችላል።

ክፍያውን እንይ። አሜሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና በተጨማሪ 30 ሳንቲም ይቆረጣል። 30 ሳንቲሟ ትንሽ ትመስላለች። 1,000 ዶላር ልታሰባስቡ ነው እንበል። አሥር ሰው መቶ መቶ ዶላር ከሰጠ የሚቆረጠው 32 ዶላር ነው። መቶ ሰው አሥር አሥር ዶላር ከሰጠ ደግሞ 59 ዶላር ይሆናል። ገንዘቡ ያው ነው፣ ቅናሹ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚህ ላይ ድረ ገጹ ለራሱ ጉርሻ ይጠይቃል። ይህ ግዴታ አይደለም፤ ሰጪው ወደ ዜሮ ዝቅ ማድረግ ይችላል። ብዙ ሰው ሳያውቅ ይከፍላል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ስጦታቸው ትንንሽ የሆነ፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ ሁሉም አሜሪካ ያሉ ሰዎች ከሆናችሁ ጎፈንድሚ ለምን አስፈለገ? ዜል አለ። ከአንድ የአሜሪካ ባንክ ወደ ሌላው በደቂቃ ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም። ችግሩ አንዴ ከተላከ መመለስ አለመቻሉና ለማያውቃችሁ ሰው መተማመኛ አለመስጠቱ ነው። ስለዚህ ዜል ለወዳጆች፣ ጎፈንድሚ ለማያውቋችሁ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በግለሰብ ስም የተከፈተ ጎፈንድሚ ላይ የሚሰጥ ገንዘብ አሜሪካ ውስጥ እንደ ግል ስጦታ ነው የሚታየው፣ ከግብር አይቀነስም። ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ (501(c)(3)፣ በአሜሪካ ሕግ የታወቀ በጎ አድራጎት) ተብሎ የተመዘገበ የወሎ ተወላጆች ማኅበር ካለና መዋጮው በእሱ በኩል ከሄደ ግን ሰጪው ደረሰኝ ይዞ ከግብሩ ማስቀነስ ይችላል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛቸው የሰጠውን ያህል ራሳቸው ይጨምራሉ። ይህን የሚያደርጉት ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ነው። አንድ ሰው 500 ዶላር ሰጥቶ መሥሪያ ቤቱ 500 ቢጨምር ከክፍያ ቅናሽ ሁሉ ይበልጣል። አዲስ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት በከተማችሁ እንዲህ ያለ ማኅበር እንዳለ ጠይቁ።

ግሎባል ጊቪንግ የሚባለውም አለ። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነው። ድርጅቶችን መርምሮ ነው የሚያስገባው፣ ከገቡ በኋላም በየጊዜው ሪፖርት ይጠይቃል። ለአንድ ትምህርት ቤት ኮሚቴ አይሆንም፣ የተመዘገበ ድርጅት ይፈልጋል። በትምህርት ላይ የሚሠራ የታወቀ አገር በቀል ድርጅት በአካባቢያችሁ ካለ ግን እሱ ገብቶ የእናንተን ትምህርት ቤት በፕሮጀክት እንዲይዝ መነጋገር ይቻላል።

ለሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ላውንችጉድ አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ በዋናነት ሙስሊሞች የሚሰጡበት ገጽ ነው። ረመዳን ሲገባ ይሟሟቃል። ወሎ ውስጥ የትምህርት ቤት ክፍል ሰደቀቱል ጃሪያ (ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቃ) ነው ብሎ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። ዘካ ግን የራሱ ድንጋጌ አለውና "ዘካችሁን አምጡ" ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ዑለማ ጠይቁ። ሰደቃ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ዐረብ አገር ያሉት እህቶቻችን

ይህን ለብቻው ያነሣሁት ሁልጊዜ ስለሚረሳ ነው። ከወሎ የወጣው ሰው ሁሉ ዋሽንግተን አይደለም ያለው። ጂዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች አሉ። ብዙዎቹ የባንክ ካርድ የላቸውም። ጎፈንድሚ ለእነሱ በሩ የተዘጋ ነው። እነሱ ግን መጀመሪያ የሚሰጡ ናቸው።

ለእነሱ የሚቀናው ለቤተሰብ ገንዘብ በሚልኩበት ሕጋዊ የሐዋላ መንገድ ወደ ኮሚቴው የባንክ ሂሳብ መላክ ነው። ብቻቸውን ሃምሳ ሪያል ከሚልኩ አምስት ስድስት ሆነው በአንድ ሰው በኩል ቢልኩ የመላኪያ ክፍያው ይቀንሳል። ላኪዋ የስም ዝርዝሩን በድምፅም ቢሆን ለገንዘብ ያዡ ትላክ፣ ሪፖርቱ ላይ የሁሉም ስም ይውጣ። ደግሞ በግሩፕ ውስጥ ስም እየጠሩ "አንቺስ?" ማለት ይቅር። የቤተሰብ ቀንበር ተሸክማ ያለች ልጅ በሕዝብ ፊት እምቢ ማለት ይከብዳታል።

ዶላሩን ወደ ብር ስትለውጡ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ለቀቀ። የባንኩ ዋጋ በፊት ከነበረው በእጅጉ ከፍ ብሏል። ቢሆንም "በጥቁር ገበያ ይሻላል" የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ለትምህርት ቤት መዋጮ ይህን አትስሙ። ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን የምታሳዩት ወረቀት አለመኖሩ ነው። በባንክ ወይም በሕጋዊ አስተላላፊ የመጣ ገንዘብ ስንት ዶላር ተላከ፣ በስንት ተመነዘረ፣ ስንት ብር ገባ የሚል ማስረጃ አለው። ያቺን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ግሩፑ ላይ ስትለጥፉ የሁለተኛው ዙር መዋጮ ራሱ ይመጣል።

አገር ቤት ያለው ሰው ብዙ ከሆነ

እዚህ ምርጫው ቀላል ነው። ንግድ ባንክ ወይም ሌላ ባንክ ላይ የተከፈተ የኮሚቴ ሂሳብ፣ ከጎኑ ቴሌብር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሃምሳ ብር ያለው ሰውም ሃምሳውን መላክ ይችላል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ኤምፔሳም አለ፣ ሦስት አራት ቁጥር መደርደር ግን ሂሳብ ያዡን ያደናግራል። አንድ ባንክ፣ አንድ ቴሌብር ይበቃል። ቴሌብሩም በግለሰብ ስልክ ላይ ከሆነ ሂሳቡ የሚይዘው የገንዘብ ጣሪያ አለ፣ የግል ሂሳብ ችግሩም ያው ነው። በየሳምንቱ ወደ ባንኩ ይገልበጥ።

አንድ ጥንቃቄ እጅግ አስፈላጊ ነው። የላክሁበት ይኸው ተብሎ የሚመጣውን ስክሪንሾት አትመኑ። በስልክ የተቀናበረ የክፍያ ፎቶ በየገበያው ነጋዴውን እያታለለ ነው። ገንዘብ ያዡ የሚመዘግበው ባንኩ ላይ ያየውን ብቻ ይሁን። ሰጪው ሲልክ ምክንያት በሚለው ቦታ ስሙንና የትምህርት ቤቱን ስም ቢጽፍ ማመሳከር ይቀላል።

ወገን ፈንድ አገር በቀል የመዋጮ ገጽ ነው። ሰው በብዛት የሚያውቀው ለሕክምና በሚደረግ መዋጮ ነው፣ ለትምህርት ቤትም ይሆናል። ጥሩ ጎኑ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ሁሉም ሰው በአንድ ገጽ ላይ ማየቱ ነው፣ አገር ቤት ያለውም ውጭ ያለውም እዚያው ይገናኛል። "ስንት ደረሰ?" የሚል ጥያቄ ይቀርላችኋል። ከመክፈታችሁ በፊት ግን የአገልግሎት ክፍያው ስንት እንደሆነና ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚለቀቅ በጽሑፍ ጠይቁ።

ደግሞ ኢንተርኔት የሌለበትን ቀን አስቡ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ያኔ ሊንክ ምንም አይጠቅምም። ኔትወርክ ካለ ግን ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስለዚህ ማስታወቂያችሁ ላይ ሊንክ ብቻ አትጻፉ፣ የሂሳብ ቁጥሩንም ጻፉ።

ላይቭ ላይ መለመን

መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2017 ዓ.ም. በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ለሕንፃው ገንዘብ ሲያሰባስብ አገር ምድሩ ተነቃንቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ "እኛም ላይቭ እንግባ" የሚል በዝቷል። መቄዶንያ ግን ለዓመታት ሲሠራ የታየ፣ ሕንፃውም ቆሞ የሚታይ ድርጅት ነው። ሰው የሰጠው ለስርጭቱ ብቻ አይደለም።

ቲክቶክ ላይ የሚላከው የአበባና የአንበሳ ስጦታ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢቢሲ በ2022 እ.ኤ.አ. ሶርያ ውስጥ ከመጠለያ ካምፕ ላይቭ የሚገቡ ቤተሰቦችን መርምሮ ከስጦታው እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ቲክቶክ ራሱ እንደሚወስድ አሳይቷል። የሚተርፈውም በብዙ እጅ ያልፋል። ላይቭ ከገባችሁ ለማስተዋወቅ ብቻ ይሁን። የባንክ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ ለጥፉና "ስጦታ አትላኩ፣ እዚህ አስገቡ" በሉ።

ከዚህም በላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጆቹን አታስለቅሱ። ጫማ የሌለውን ልጅ መርጦ ካሜራ ፊት ማቆም፣ ቁርስ በልተሃል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ይህ ይቅር። ያ ቪዲዮ ልጁ አድጎ ሥራ ሲፈልግም፣ ሲያገባም ኢንተርኔት ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ችግሩን ሸፍኖ እንግዳ የሚያስተናግድ ነው። ባዶውን ክፍል፣ የተሰበረውን ዴስክ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ አሳዩ። እሱ ብቻውን በቂ ነው።

ከአሜሪካኖቹ የምንወስደው

ዶነርስ ቹዝ የሚባል ገጽ አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ያስተምር የነበረ ቻርልስ ቤስት የሚባል መምህር ነው የጀመረው። ለአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ብቻ ስለሆነ እኛ ልንጠቀምበት አንችልም። አሠራሩን ግን መውሰድ እንችላለን። መምህሩ ለክፍሉ የሚፈልገውን ዕቃ ከነዋጋው ይዘረዝራል። ሰው ያንን አይቶ ይሰጣል። ገንዘቡ ሲሞላ ድርጅቱ ለመምህሩ ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም። ዕቃውን ገዝቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ይልካል።

ለእኛም ይሠራል። "ትምህርት ቤታችንን እንርዳ" ከማለት "የ3ኛ ክፍል 60 ልጆች ለሦስት የሚያስቀምጥ 20 ኮምባይንድ ዴስክ ያስፈልጋቸዋል፣ አንዱ ይህን ያህል ብር ነው" ማለት ይሻላል። ዋጋውን ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ብረታ ብረት ቤቶች ሦስት ፕሮፎርማ አሰባስባችሁ ለጥፉ። ማጓጓዣውንም ጨምሩ። ደሴ ላይ የተሠራ ዴስክ ወግዲ ወይም ከላላ ለመድረስ የአይሱዙ ዋጋ አለው፣ ይህን የሚረሳ ኮሚቴ መጨረሻ ላይ ዴስኩን መጋዘን አስቀምጦ እንደገና ይለምናል። ሰጪውም "እኔ ሁለት ዴስክ ችያለሁ" ማለት ይወዳል፣ ስንት እንደቀረም ይገባዋል።

ዕቃው ሲደርስ ትምህርት ቤቱ በሞዴል 19 ገቢ ያድርገው። ይህ የንብረት ገቢ ደረሰኝ ነው። ፎቶና ጭብጨባ ብቻ ከሆነ ዴስኩ የማንም ንብረት አይደለም፤ በዓመቱ ግማሹ ለስብሰባ አዳራሽ ሄዶ ቢቀር የሚጠይቅ የለም። ሞዴል 19 ሲቆረጥ ግን በንብረት ክፍሉ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ከዚያ የሚወጣው በሰነድ ነው። የደረሰኙን ቅጂ ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ።

እንግዲህ የቱን?

ሁላችሁም አገር ቤት ከሆናችሁና የምትፈልጉት ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ጠመኔ ከሆነ የወላጅ ኅብረቱን አነጋግሩ። ቴሌብርና አንድ የባንክ ሂሳብ ይበቃችኋል። ከደሴ ጅምላ ገዝታችሁ በሞዴል 19 አስረክቡ። በሳምንታት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ግማሻችሁ ውጭ፣ ግማሻችሁ አገር ቤት ከሆናችሁና ዴስክ ወይም የጣሪያ ጥገና ካሰባችሁ የኮሚቴ ዝግ ሂሳብ ይከፈት። ውጭ ያለው ክፍል በዜል ወይም በጎፈንድሚ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ በባንክ ይላክ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መላክ የመላኪያ ክፍያ ያበዛል። አገር ቤት ያለው ወገን ፈንድ ካስከፈተም መልካም ነው።

አዲስ ክፍል መገንባት ከሆነ ግን ጎፈንድሚ ከፍቶ መጀመር አይቻልም። ቀድሞ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መሄድ ግድ ነው። ዲዛይኑ የትምህርት ቢሮውን ደረጃ ማሟላት አለበት። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ለትውልድ የሚል ንቅናቄ ጀምሯል፣ ትምህርት ቤታችሁ በዚያ ዕቅድ ተይዞ ከሆነ ሥራው እንዳይደራረብ ጠይቁ። አንዳንዴ ኅብረተሰቡ ድንጋይና አሸዋ፣ መንግሥት ቆርቆሮ፣ እናንተ ሲሚንቶና ብረት ልትካፈሉ ትችላላችሁ። በገንዘብ ካልሆነ በጉልበት የሚያግዝ ገበሬ በደቦ መሠረት ይቆፍራል። ይህ በብር ተተምኖ ሪፖርቱ ላይ ይግባ፣ የእሱም መዋጮ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተመዘገበ ማኅበር ቢይዘው እመርጣለሁ።

ጊዜውንም ምረጡ። ለደብተር ሐምሌና ነሐሴ ተሰብስቦ መስከረም ላይ ይድረስ። ግንባታ ከሆነ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው በጋ ይሠራ፣ ክረምት ላይ ወደ ብዙው የወሎ ደጋ ወረዳ ሲሚንቶ የጫነ መኪና አይገባም። አሜሪካ ያለው ሰው በብዛት የሚሰጠው የፈረንጆቹ ዓመት ሲያልቅ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ረመዳንም፣ የገናና የፋሲካ ሰሞንም የሰው ልብ ይከፈታል።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሰው እየታገተ ገንዘብ የሚጠየቅበት ጊዜ ላይ ነን። "ዛሬ 800,000 ብር ለርዕሰ መምህሩ አስረከብን" ብሎ ከፎቶ ጋር መለጠፍ ያንን ሰው ማጋለጥ ነው። ጥሬ ገንዘብ ማንም ይዞ አይሂድ፣ ለሻጩ በቀጥታ ከባንክ ወደ ባንክ ይከፈል። ዕቃ የጫነ መኪና መቼ እንደሚነሣና በየት እንደሚያልፍ ግሩፑ ላይ አይጻፍ። ፎቶው ዕቃው በሰላም ከገባ በኋላ ይለጠፍ፣ በስም የሚጠቀሱ ሰዎችም ቀድመው ይጠየቁ።

ሪፖርቱ አጭር ይሁን። ስንት ገባ፣ በምን ወጣ፣ ስንት ቀረ። ከሥሩ የባንኩ ስቴትመንት፣ የሻጩ ደረሰኝና ሞዴል 19። ገንዘብ ከተረፈ ኮሚቴው ብቻውን አይወስን። ግሩፑን ጠይቃችሁ ለዚያው ትምህርት ቤት ቀጣይ ፍላጎት አውሉት፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ሥራው ሲያልቅ የጎፈንድሚውን ገጽ መቀበል እንዲያቆም አድርጉት፣ ሂሳቡንም ዝጉት። ክፍት የቀረ የሂሳብ ቁጥር ከዓመት በኋላ የማታውቁት ሰው በሌላ ፎቶ ሥር ለጥፎ በስማችሁ ሊያዞረው ይችላል።